ዋንጫው ከአዲስ አበባ የወጣው በ1996 ነው? ስለ ክልል ሻምፒዮኖች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ከተማ በ1996 ዓ.ም. ዋንጫ ሲያነሳ «የመጀመሪያው የክልል ሻምፒዮን» ተብሎ ሲጻፍ አነባለሁ። አባቴ ግን «የአስመራና የድሬዳዋ ልጆች አዲስ አበባ መጥተው ዋንጫውን ይዘውብን ይሄዱ ነበር» ይላል። ማን ነው ትክክል? ደግሞስ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ክለብ ዋንጫውን ሁለት ዓመት በተከታታይ ያነሳበት ጊዜ አለ?

ምላሽ፦ አባትዎ ትክክል ናቸው። «የመጀመሪያው» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ቆጠራውን ከ1990 ዓ.ም. ከጀመሩ ብቻ ነው። ያን ዓመት ውድድሩ አሁን ያለውን የሊግ መልክ ያዘ፤ ስሙም ታደሰ። ከዚያ በፊት ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ተካሂዷል። በዚያ ረጅም ዘመን ውስጥ ደግሞ ዋንጫው በአዲስ አበባ የሚያድረው አልፎ አልፎ ብቻ የነበረባቸው ሃያ ዓመታት አሉ።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ዓመታቱ አንድ ነገር ላስጨብጥ። የድሮዎቹ ሻምፒዮኖች ዝርዝር በአብዛኛው የሚገኘው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የሚሰጠውም አንድ ዓመት ብቻ ነው። አንድ የፈረንጅ ዓመት ደግሞ በእኛ ሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው ስምንት ወይም ሰባት እየቀነሰ ሲጽፍ አንዱ ሻምፒዮን በሁለት የተለያዩ ዓመታት ይታያል፤ ከዚያ «ሁለት ጊዜ ወስዷል» የሚል ክርክር ይነሳል። ስለዚህ እስከ 1990 ዓ.ም. ያለውን በእ.ኤ.አ. እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ውድድሩ በሚጠናቀቅበት በራሳችን ዓመት እጠራለሁ።

መጀመሪያ ላይ ውድድሩ የአዲስ አበባ ብቻ ነበር፤ እንዲያውም የአዲስ አበባ ማኅበረሰቦች ውድድር ቢባል ይቀላል። በ1944 እ.ኤ.አ. የተጫወቱት አምስት ቡድኖች ናቸው፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ክብር ለማግኘት እስከ 1950 መጠበቅ ነበረበት። ቀጥሎ የጦር ሠራዊቱ ቡድን፣ ዛሬ መቻል የምንለው ክለብ ሥር የሆነው፣ ከ1951 እስከ 1954 አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳይሰጥ ያዘው።

ከዚያ አስመራ መጣች።

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው በ1952 ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1955፣ ሐማሴን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1956 መቻል መልሶ ወሰደው፤ በ1957 ሐማሴን እንደገና ነጠቀው። በ1958 አካለ ጉዛይ፣ በ1959 የአስመራው ቴሌ ተከተሉ። ስሞቹን ልብ ይበሉ። ሐማሴንና አካለ ጉዛይ የፋብሪካ ወይም የመሥሪያ ቤት ስሞች አይደሉም፤ አገር ናቸው። ቡድኑ የሚጫወተው በአውራጃው ስም ነው፤ ተጫዋቹም ሲያሸንፍ ለቤተሰቡና ለመንደሩ አሸንፎ ነው የሚመለሰው። ውድድሩም በየጠቅላይ ግዛቱ ተጣርቶ ለአገር አቀፉ ፍልሚያ የሚደረስበት ስለነበር፣ ለመድረሱ ብቻ እንኳን በገዛ አካባቢ ብርቱ ትግል ይጠይቅ ነበር። አስመራ ላይ ይህ ትግል እጅግ ከባድ ነበር። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ጣሊያኖች ያቋቋሟቸው ክለቦችና የየሰፈሩ የአገሬው ልጆች ቡድኖች ከተማዋን በኳስ ሞልተዋታል። አዲስ አበባ በቁጥር የምትበልጥ ከተማ ብትሆንም በየሳምንቱ የሚደረግ ጠንካራ ውድድርን በተመለከተ አስመራ ትቀድማት ነበር ብዬ አምናለሁ። ውጤቱም የሚለው ይህንኑ ነው።

ከአስመራ ቀጥሎ ተራው የድሬዳዋ ሆነ። ይህኛው ምዕራፍ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ የሚያስደንቀኝ ነው፤ ምክንያቱም ድሬዳዋ ጠቅላይ ግዛትም የዋና ከተማ ወንበርም አልነበረችም። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዚያ መሐል ባሉት ዓመታት ድሬዳዋ የጭነትና የንግድ መናኸሪያ ሆነች፤ ቀጥሎም ፋብሪካ መጣ። ፋብሪካ ማለት ደመወዝ ያለው ወጣት፣ የሥራ ፈረቃ፣ ሜዳ ለማሰናዳት አቅም ያለው አሠሪ ማለት ነው። ጎበዝ ኳስ ተጫዋች ወደ ድሬዳዋ ሲሄድ የሚጠብቀው ማልያ ብቻ አልነበረም፤ ሥራም ነበር። ኳስ ብቻውን እንጀራ በማይሆንበት በዚያ ዘመን ይህ ተጫዋች ለመሳብ ከምንም በላይ የሚያሸንፍ ነገር ነው።

ከተማዋ ሁለት ትልልቅ የፋብሪካ ቡድኖች ነበሯት። አንዱ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ነው፤ ኮተን እያሉ ይጠሩታል። ሌላው የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ኢትዮ ሲሚንቶ ነው። በ1960 ኮተን፣ በ1961 ኢትዮ ሲሚንቶ፣ በ1962 እና በ1963 ኮተን፣ በ1964 ኢትዮ ሲሚንቶ፣ በ1965 እንደገና ኮተን። ስድስት ዓመት ሙሉ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ለመሆን የሚደረገው ፉክክር በተግባር የአንድ ከተማ የሁለት ፋብሪካ ሠራተኞች ጨዋታ ሆነ። ዛሬ የአንድ ከተማ ክለቦች ስድስት ዓመት ተፈራርቀው ዋንጫ ቢወስዱ ምን ያህል እንደሚወራ ያስቡት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንቁጠር። ከ1955 እስከ 1965 ባሉት 11 ዓመታት ዋንጫው አዲስ አበባ ያደረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1956፣ በመቻል። የቀሩትን አሥሩን አስመራና ድሬዳዋ ተካፈሉት፤ ይህንንም ነው አባትዎ «ይዘውብን ይሄዱ ነበር» ያሉት።

ይህን ዘመን ከብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ነጥሎ ማየት አይቻልም። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችበት ጥር 1954 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. 1962፣ የሚውለው በዚሁ መሐል ነው። በአዲስ አበባ በተደረገው ፍጻሜ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈው ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ የተወለደ፣ ስሙን ደግሞ በድሬዳዋው ኮተን የተከለ ተጫዋች ነው። ግጥሚያው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው 2 ለ 2 ያደረገው እሱ ነው። ሦስተኛውን በጭማሪ ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ አገባ፤ አራተኛውን የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ። ሰው ያንን ዋንጫ ሲያስታውስ ስታዲየሙንና ንጉሠ ነገሥቱን ያስታውሳል፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቡድኑን የሠራው የአስመራ ሜዳ፣ የድሬዳዋ ፋብሪካና የአዲስ አበባ ክለብ አንድ ላይ ሆነው ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ያ ዋንጫ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ኮተን በአህጉር ደረጃም የሄደበትን መጥቀስ ይገባል። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ በ1964 እና 65፣ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አክራ ላይ ተገናኙ። ከአራቱ አንዱ የድሬዳዋው ኮተን ነበር። በግማሽ ፍጻሜ በማሊው ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸንፎ ቀረ፤ ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ። የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ብለን ዛሬ የምናየው ውድድር ሲወለድ ከመጨረሻዎቹ አራት መካከል የአንድ የኢትዮጵያ ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን መገኘቱ በየትምህርት ቤቱ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

በ1966 ቅዱስ ጊዮርጊስ ተነሳ፤ እስከ 1968 ሦስት ዓመት ደጋገመው። አዲስ አበባ ዋንጫዋን አስመለሰች ተባለ። ግን አልቆየም። በ1969 እና በ1970 የአስመራው ቴሌ ወሰደ። በ1971 ጊዮርጊስ ጣልቃ ገባ፤ በ1972 እና በ1973 አስመራ በራሷ ስም የሚጠራው ቡድን፣ በ1974 ደግሞ እምባሶይራ ሻምፒዮን ሆኑ። እምባ ሶይራ በኤርትራ ከሁሉም የሚረዝመው ተራራ ነው፤ ክለቡ የተሰየመው በሱ ነው።

ከ1955 እስከ 1974 ያለውን ሃያ ዓመት ደምሩት። የኤርትራ ክለቦች ዘጠኝ፣ የድሬዳዋ ክለቦች ስድስት፣ አዲስ አበባ አምስት። ይህ ቁጥር በየትኛውም የእግር ኳስ ፕሮግራም ላይ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ የምደግመውም ለዚህ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ሥዕሉ ይቀየራል። ስሞቹን ብቻ ማንበብ ዘመኑን ይነግራል። በ1975 ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ1976 መቻል፣ በ1977 ምድር ባቡር፣ በ1978 ኦጋዴን አንበሳ፣ በ1979 ኦሜድላ፣ በ1980 ትግል ፍሬ፣ በ1981 እርምጃችን። ሰባት ዓመት፣ ሰባት የተለያየ ሻምፒዮን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ የተበተነ ዘመን የለም። ክለቦች ይፈርሳሉ፣ ይዋሃዳሉ፣ ስም ይለውጣሉ፤ ወጣቱ ለጦርነት ይዘምታል። እምባሶይራ በ1974 ያነሳው ዋንጫ የኤርትራ ክለቦች የመጨረሻ የኢትዮጵያ ሻምፒዮንነት ሆኖ ቀረ። ድሬዳዋ ግን እንደገና ተነፈሰች፤ በ1983 ኮተን አምስተኛውን ዋንጫውን አነሳ።

ለድሬዳዋ ሰው ያ ዓመት መዘከር ያለበት ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ዋንጫው ከአዲስ አበባ አልወጣም። መቻል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ቢራ፣ መብራት ኃይል፣ ኢትዮጵያ ቡና። ሁሉም የዋና ከተማው ክለቦች ናቸው። ዛሬ የእኛ ትውልድ «የክልል ክለብ ዋንጫ አይወስድም» የሚለውን እምነት የያዘው ከዚህ ሃያ ዓመት ነው። እምነቱ ከልምድ የመጣ ስለሆነ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ሃያ ዓመት ፈጽሞ ሸፍኖታል።

ምክንያቶቹ አንድ ብቻ አይደሉም። የአስመራ ክለቦች አገር ሲለያይ የራሳቸውን ሊግ ይዘው ሄዱ፤ ከኢትዮጵያ ሻምፒዮና አንደኛው ትልቅ ምሰሶ በዚህ ወደቀ። የድሬዳዋ ፋብሪካዎች ሲዳከሙ የፋብሪካ ክለብም አብሮ ተዳከመ። በሌላ በኩል ብዙ ገንዘብ ያላቸው የመንግሥት ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ መብራት ኃይል፣ ባንክ፣ መድን፣ ሠራዊቱ። ተጫዋች ደመወዝና ሥራ ወዳለበት ይሄዳል። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ወደ ድሬዳዋ የወሰደው ያው ስበት፣ በ1980ዎቹ ወደ አዲስ አበባ ወሰደው።

አንድ ብዙ የማይነሳ ነገር ልጨምር፤ የውድድሩ ቅርፅ ራሱ። በየአካባቢው ተጣርቶ በመጨረሻ ጥቂት ቡድኖች የሚገናኙበት ውድድር ጥሩ አሥራ አንድ ያለውን ቡድን ይደግፋል። አንድ ጎበዝ ትውልድ፣ አንድ ጥሩ ሳምንት ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ በደርሶ መልስ የሚካሄድ ሊግ ግን ሌላ ነው። ጉዳት አለ፣ ቅጣት አለ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ በአውቶቡስ የሚደረግ ጉዞ አለ፣ የሆቴልና የአበል ወጪ አለ። ጥልቅ ተቀያሪ ወንበርና ጥልቅ ኪስ ያለው ያሸንፋል። በ1990 ዓ.ም. ሊጉ አዲሱን መልክ ሲይዝ የመጀመሪያው ሻምፒዮን መብራት ኃይል ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ የዘመኑ ጌታ ሆነ። ከ1990 እስከ 2017 ዓ.ም. ከተጠናቀቁት 27 ውድድሮች 16ቱን የወሰደው እሱ ነው። የ2012ቱ በኮሮና ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰርዟል።

የሐዋሳ ክብር የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። «የመጀመሪያው የክልል ሻምፒዮን» የሚለው ስም ስለማይገባው ክብሩ አይቀንስም፤ ይልቁን ይጨምራል። ሐዋሳ በ1996 ዋንጫ ሲወስድ ያሸነፈው ያንን ረጅም፣ ወጪ የሚበላ፣ ለዋና ከተማው ክለብ የሚያደላ ውድድር ነው። ኮተን ከ21 ዓመት በፊት ካነሳ ወዲህ ከአዲስ አበባ ውጭ ማንም ያልደረሰበት ነበር። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን «ዕድል ነው» ይባል ነበር፤ በ1999 ደገመው። በእኔ ግምት እነዚያ ሁለት ዋንጫዎች ከዘመናዊው ሊግ የጊዮርጊስ ያልሆኑ ዋንጫዎች ሁሉ በላይ ከባድ ናቸው።

ከሐዋሳ በኋላ እንደገና አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በ2003 ኢትዮጵያ ቡና፣ በ2005 ደደቢት ጊዮርጊስን አቋረጡት፤ ሁለቱም የአዲስ አበባ ናቸው። ከዚያ በ2010 ጅማ አባ ጅፋር መጣ። ከታችኛው ሊግ ገና ያደገ ክለብ ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን ከጊዮርጊስ ጋር ተናንቆ በግብ ልዩነት በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ግብ አስቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በተከታዩ ዓመት፣ 2011፣ መቐለ 70 እንደርታ ከፋሲል ከነማ ጋር እስከ መጨረሻው ቀን ታግሎ አሸነፈ። በ2013 ፋሲል ራሱ ሻምፒዮን ሆነ። የቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ የጌታነህ ከበደን የ25 ግብ ክብረ ወሰን የሰበረበትም ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ሊጉ ውስጥ አልነበሩም፤ ያለፈው ሻምፒዮን መቐለ ክብሩን ሊከላከል ሜዳ አልገባም። ይህንን ማስታወስ የፋሲልን ዋንጫ አያሳንስም፤ የዚያን ዓመት ታሪክ ሙሉ ለማድረግ ግን መነገር አለበት።

ከነዚህ ዋንጫዎች ጋር አንድ አሠልጣኝ አብሮ ይነሳል። ጅማን በ2010፣ መቐለን በ2011 ሻምፒዮን ያደረገው ገብረመድኅን ኃይሌ ነው። ሁለት ክለብ፣ ሁለት ዓመት፣ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ውጭ። በ2017 ደግሞ በአዲስ አበባው ኢትዮጵያ መድን ሦስተኛውን ዋንጫ አነሳ። ስለ ክልል ሻምፒዮኖች ሲወራ የተጫዋቹና የክለቡ ስም ይነሳል፤ የአሠልጣኙ ድርሻ ግን ከሚነገረው በላይ ነው። ጅማም መቐለም ዋንጫ ያነሱት በሊጉ ቁመታቸው ገና አጭር ሳለ ነው፤ እንዲህ ያለ ቡድን በሥርዓት መጫወት ካልቻለ 30 ዙር አይዘልቅም።

እንግዲህ በዘመናዊው ሊግ ከ27 ዋንጫ ስንቱ ከአዲስ አበባ ወጣ? አምስት ነው፦ ሐዋሳ ሁለት፣ ጅማ፣ መቐለና ፋሲል አንድ አንድ። ከ1955 እስከ 1974 ደግሞ ከሃያው አሥራ አምስት። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

በቅርቡ የተጨመረ አንድ እንቅፋት አለ፤ ብዙ ደጋፊ ግን እንደ እንቅፋት አያየውም። ከ2013 ወዲህ ሊጉ በየሜዳው ሳይሆን በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄዳል። ሁሉም ቡድን ወደ አንድ ከተማ ይሄዳል፣ ጥቂት ሳምንት እዚያው ይጫወታል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ይሻገራል። ለቴሌቪዥን ስርጭት ይመቻል፤ የጸጥታ ችግርንም ይቀንሳል። ነገር ግን የክልል ክለብ ትልቁ ሀብት የራሱ ሜዳና የራሱ ሕዝብ ነው። ጅማ በጅማ፣ መቐለ በመቐለ ሲጫወቱ ወደዚያ የሚሄድ ቡድን ሁሉ የሚገጥመው አሥራ ሁለተኛ ተጫዋች ነበር። ያ ሕዝብ አሁን ጨዋታውን በስክሪን ነው የሚያየው፤ የመግቢያ ትኬቱም ገቢ ቀርቷል። ሜዳውን ያጣ ክለብ ደግሞ በመንግሥት በጀት ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። በዚህ አሠራር ከተጠናቀቁት አምስት ውድድሮች ፋሲል አንድ፣ ጊዮርጊስ ሁለት፣ ንግድ ባንክና መድን አንድ አንድ ወስደዋል። አምስት ዓመት ለፍርድ ይቸኩላል ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን ደርሶ መልሱ በየክለቡ ሜዳ እስካልተመለሰ ድረስ የክልል ክለብ ዕድል ይጠብባል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

የጅማ አባ ጅፋር ዕጣም ይህን ያሳያል። ሻምፒዮን ከሆነ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ከሊጉ ወረደ። ደደቢትም ዋንጫ በወሰደ በስድስት ዓመቱ ወርዷልና የክልል ክለብ ብቻ ይዳከማል አልልም፤ ሆኖም አዲስ አበባ አንድ ክለብ ሲወርድባት ሌላ አላት፤ ጅማ ግን ሲወርድባት ከተማው ሁሉ ያለ ፕሪሚየር ሊግ ይቀራል።

«የመጀመሪያው» የሚለው አባባል ለምን ሥር ሰደደ? አንደኛው ምክንያት የስም ለውጥ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1992 እ.ኤ.አ. ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመር የሆነውን ያስታውሱ። ሊቨርፑል በ2020 እ.ኤ.አ. ሲያሸንፍ «የመጀመሪያው ፕሪሚየር ሊጉ» ተባለ፤ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሲሆን ግን 19ኛው ነው። እዚያ አገር 18ቱን የሚያስታውስ መጽሐፍና ሙዚየም፣ በየሳምንቱ የሚደግመው ጋዜጠኛ አለ። እኛ ጋ ስሙ ሲለወጥ የድሮው ከአፍ ወደ አፍ ብቻ ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት ከባድ ነው፤ የኤርትራ መለየት ነው። ከ1993 እ.ኤ.አ. በኋላ የሐማሴንን፣ የቴሌን፣ የእምባሶይራን ዋንጫ የሚያነሳ ሰው «የየትኛው አገር ታሪክ ነው?» የሚል ጥያቄ ስለሚገጥመው ዝም ማለት ይቀለዋል። ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው። ውድድሩ የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ውድድር ነበር፤ ያሸነፉት ክለቦችም እነሱ ናቸው። ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ ከእነ ከተማቸው ይጻፍ። ኤርትራ ውስጥም ያው ዋንጫ የራሳቸው የኳስ ታሪክ አካል ሆኖ ይጻፍ። አንዱ ዋንጫ በሁለት አገር መታወሱ ማንንም አይጎዳም።

ሦስተኛው ቃሉ ራሱ ነው። «ክልል» የምንለው አከፋፈል የመጣው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ጠቅላይ ግዛትና ክፍለ ሀገር ነበር። ስለዚህ «የመጀመሪያው የክልል ክለብ» የሚል ሰው ቃሉን በጥብቅ ከያዘው ትክክል ነኝ ሊል ይችላል፤ ድሬዳዋ እንኳን ዛሬ ክልል አይደለችም፣ የከተማ አስተዳደር ናት። ነገር ግን በኳስ ቋንቋ «ክልል» ስንል ከአዲስ አበባ ውጭ ማለታችን ነውና በዚህ ማምለጥ አይገባም። መጻፍ ለሚፈልግ ሰው የሚሻለው፣ «ሐዋሳ በአዲሱ ሊግ ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ነው» ማለት ነው፤ ወይም «ከድሬዳዋው ኮተን የ1983 ዋንጫ በኋላ የመጀመሪያው»፣ በፈረንጆቹ መሆኑን ገልጾ። ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የረሳነውን ክለብ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሶ ስለሚያነሳው።

የጥያቄዎን ሁለተኛ ክፍል ልመልስ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ አንድ ክለብ ዋንጫውን ሁለት ዓመት በተከታታይ ያነሳው ሦስት ጊዜ ነው፦ ኮተን በ1962 እና 63፣ ቴሌ በ1969 እና 70፣ አስመራ በ1972 እና 73። ሐማሴን በ1955 እና በ1957 ሲወስድ መሐል ላይ መቻል ገብቶበታል፤ ሐዋሳም በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሲወስድ መሐሉን ጊዮርጊስ ወስዶታል። በከተማ ከቆጠርን ድሬዳዋ ከ1960 እስከ 1965 ስድስት ተከታታይ አላት፤ ከአዲስ አበባ በቀር ማንም ከተማ አልደረሰባትም። የአስመራ ቡድን ዋንጫውን ከደገመበት ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ከዋና ከተማው ውጭ ክብሩን ተከላክሎ ያቆየ አንድም ክለብ የለም።